በሐምሌ የተረጋጋ፣ በጥር የሚሳሳት

«ልጄ፣ እኔ ‹ሄደ› ብዬ ነው የጻፍኩት። ‹ሄዱ› ያደረግከው አንተ ነህ?»

ይህን የጠየቁኝ ጋሼ ናቸው። ፉትስክሬ፣ ኒኮልሰን ጎዳና አጠገብ ባለች አንዲት የሐበሻ ቡና ቤት ተቀምጠን ነበር። አትሜ ያመጣሁላቸውን ወረቀት ዘርግተው በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ከበቡባት። ጋሼ ጎጃም ውስጥ አርባ ዓመት ገደማ ያስተማሩ፣ አሁን ልጆቻቸው ጋ ሜልበርን የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ላለፉት ስድስት ዓመታት የገበሬ ቃላት ሲሰበስቡ ቆይተዋል፤ የሞፈሩን፣ የቀንበሩን፣ የድግሩን፣ የወገሉን፣ እያንዳንዱን ከነምሳሌ ዓረፍተ ነገሩ። የተየቡት ግን ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት፣ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ያንን ሁሉ ወደ ዩኒኮድ ልቀይርልዎ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

«ጋሼ፣ ምናልባት ሲተይቡ ጣትዎ ስቶ ይሆናል» አልኩ።

«አርባ ዓመት የሰው ስህተት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። የራሴን አላውቅም?»

ቤት ስገባ የእሳቸውን ዋና ፋይል ከፈትኩ። ‹ሄደ› ይላል። እኔ ያወጣሁት ፋይል ‹ሄዱ› ይላል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የጻፍኩት መቀየሪያ ፕሮግራም ነበር። መቀየሪያው ግን የሚሠራው በሠንጠረዥ ነው፤ አሮጌው ፎንት ‹ደ›ን የሚያሳይበት ቁጥር ሲመጣ የዩኒኮዱን ‹ደ› ይተካል፣ ሌላ ብልሃት የለውም። ሠንጠረዡ ቢሳሳት ኖሮ በፋይሉ ውስጥ ያለ ‹ደ› ሁሉ ‹ዱ› ይሆን ነበር። የተሳሳተው ግን አንዱ ብቻ ነው። ያን ምሽት ያንኑ ፕሮግራም በዚያው ፋይል ላይ እንደገና አስኬድኩት። ‹ሄደ› ብሎ አወጣ። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ሳነጻጽር የሚለያዩበት 17 ቦታ አገኘሁ።

ፕሮግራም የምትጽፉ ሰዎች ይህ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ታውቃላችሁ። ያው ፕሮግራም፣ ያው ፋይል፣ ያው ኮምፒውተር፣ የተለያየ ውጤት።

አሥራ ሰባቱን ቦታዎች ወደ ዜሮና አንድ አውርጄ ስመለከት ሁሉም አንድ ባሕርይ አላቸው። ትክክለኛው ፊደልና የተሳሳተው ፊደል የሚለያዩት በአንዲት ቢት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ እኛን አማርኛ ጸሐፊዎችን ከሌላው ይልቅ የሚነካ ነው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። የፊደል ቤተሰቦች ስምንት ስምንት ቦታ እየተሰጣቸው ተደረደሩ፤ ስለዚህ የቁጥሩ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቢቶች ፊደሉ በቤተሰቡ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራሉ። ግዕዙ 000፣ ካዕቡ 001፣ ሣልሱ 010፣ ራብዑ 011 እያለ ይቀጥላል። የ‹ደ› የመጨረሻ ቢት ከ0 ወደ 1 ብትገለበጥ የምናገኘው ‹ዱ› ነው። ‹መጣ› ላይ የራብዑ 011 መካከለኛ ቢት ብትወድቅ 001 ይሆንና ‹መጡ› እናነባለን። ‹በላ› ‹በሉ› ይሆናል፣ ‹ሰማ› ‹ሰሙ›፣ ‹ገባ› ‹ገቡ›። አንድ ሰው የነበረው በአንዲት ቢት ብዙ ሰው ይሆናል።

በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ቢት ስትገለበጥ አብዛኛውን ጊዜ በቃሉ መካከል ያልታሰበ ተነባቢ ወይም ምልክት ይበቅላል፤ የፊደል ማረሚያውም ወዲያው ቀይ ያሰምርበታል። የእኛ ግን ሌላ ትክክለኛ ፊደል ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ትክክለኛ ቃል። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ሕግ ሲፈተሽ ጤነኛ ነው። ኮምፒውተሩ አልቆመም፣ ሰማያዊ ስክሪን አልመጣም፣ አንድም የስህተት መልእክት አላየሁም። ያየው የጋሼ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ባለፈው ሐምሌ ፕሮሰሰሬን ኦቨርክሎክ አድርጌዋለሁ፤ ማለትም ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ባዮስ ውስጥ ገብቼ አዝዣለሁ። ከሰው እጅ የገዛሁት ባለ ስድስት ኮር ፕሮሰሰር ነው፤ የማን ሥራ እንደሆነ አልናገርም፣ ጥፋቱ የአምራቹ ሳይሆን የእኔ ነውና። ሁሉም ኮሮች ሲጫኑ ወደ 4.0 ጊጋኸርዝ ይሮጥ የነበረውን 4.4 ላይ ቸነከርኩት። እዚያ ለመቆም ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.35 ማሳደግ ነበረብኝ።

ሐምሌ አገር ቤት ዝናብ ነው፤ ሜልበርን ደግሞ ብርድ። ማሞቂያ የማይደርስበት ክፍሌ ያን ምሽት 14 ዲግሪ ነበር። ፕራይም95 የሚባለውን ፕሮግራም ለስምንት ሰዓት አስኬድኩ። ለማታውቁት፣ ፕራይም95 የተሠራው የሜርሴን ብቸኛ ቁጥሮችን ለማደን ነው፤ ኦቨርክሎክ የሚያደርጉ ሰዎች የወደዱት ፕሮሰሰሩን እስከ ጫፍ ስለሚያስጨንቅና መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ሒሳብ ስለሚሰጠው ነው። ፕሮሰሰሩ ሲሳሳት ይያዛል። እስከ ንጋት አንድም ስህተት አልነበረም፤ ከፍተኛው ሙቀት 70 ዲግሪ። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ፤ «ንቅንቅ አይልም» ብዬ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አላሰብኩም።

የጋሼን ፋይል የቀየርኩት ግን በጥር ነው። እዚህ አገር ገና እና ጥምቀት የሚውሉት በበጋው ወገብ ላይ ነው። ክፍሌ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ያያል፣ አየር ማቀዝቀዣ የለውም። ያን ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ቴርሞሜትር 37 ያሳይ ነበር። በአንድ በኩል የዘመዴን ልጅ የክርስትና ቪዲዮ እየጨመቅኩ፣ ማለትም ስድስቱንም ኮሮች እየጫንኩ፣ በሌላ በኩል የጋሼን ስድስት ዓመት በዚያው ፕሮሰሰር ላይ አስተላለፍኩ። የፕሮሰሰሩ ሙቀት 91 ዲግሪ ነበር። አይቼዋለሁ። «ከ95 በታች ነው» ብዬ አለፍኩት።

ማታ ስደግመው ለምን ትክክል ሆነ? የሜልበርንን አየር የምታውቁ መልሱን ገምታችኋል። ከሰዓት በኋላ 38 የነበረው፣ ከደቡብ ምዕራብ ከባሕሩ በኩል ነፋስ ሲገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከአሥር ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። ያን ቀን ነፋሱ የገባው ከቡና ቤቱ ስመለስ ነው። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ክፍሉ ቀዘቀዘ፣ ፕሮሰሰሩም ሒሳቡን በትክክል ሠራ።

ግምት ብቻ እንዳይሆን በሚቀጥለው ሞቃት ቀን ሙከራ አደረግሁ። የራሙን ፍጥነት ወደ መደበኛው መለስኩ፣ ጥርጣሬው ፕሮሰሰሩ ላይ ብቻ እንዲያርፍ። ቪዲዮ እየጨመቅኩ የጋሼን ፋይል 20 ጊዜ ቀየርኩና የእያንዳንዱን ውጤት አሻራ በሻ-256 ወሰድኩ። በ4.4 ጊጋኸርዝ፣ በሞቃት ክፍል፣ 18ቱ አንድ ዓይነት ሆኑ፣ ሁለቱ ተለዩ። ፕሮሰሰሩን ወደ ፋብሪካው ፍጥነት መልሼ በዚያው ሙቀት 20 ጊዜ ደገምኩ፤ ሃያውም አንድ ናቸው። ሌሊት፣ አየሩ ሲበርድ፣ እንደገና 4.4 ላይ አድርጌ 20 ጊዜ፤ ሃያውም አንድ ናቸው። ሃያ ጊዜ መሞከር ሳይንስ አይባልም፤ ለእኔ ግን በቂ ነበር። ያ «ንቅንቅ አይልም» ያልኩት ኮምፒውተር የሚረጋጋው ሲበርደው ብቻ ነው።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። በ4.0 ጊጋኸርዝ አንድ ምት 250 ፒኮ ሰከንድ ነው፤ በ4.4 ወደ 227 ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብርሃን ራሱ 7 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ውስጥ አንድ ምልክት በተከታታይ ትራንዚስተሮች አልፎ፣ ተደምሮ፣ ተነጻጽሮ መድረሻው ላይ መገኘት አለበት። ሁሉም መንገዶች እኩል ርዝመት የላቸውም። ብዙዎቹ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ጥቂቶቹ ለጥቂት ያመልጣሉ። ዘግይቶ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አንዱ ቢት ነው፤ የቀሩት ትክክል ሆነው እሱ ብቻ ያለፈውን ዋጋ ይዞ ይመዘገባል። ‹ደ› ‹ዱ› የሚሆነው እንዲህ ነው። ሙቀት ደግሞ፣ ኦቨርክሎክ በሚደረግበት የቮልቴጅ ደረጃ፣ ትራንዚስተሩንም ሽቦውንም ያዘገያል። በ70 ዲግሪ ለጥቂት ሲደርስ የነበረው ምልክት በ91 ዲግሪ ለጥቂት ይዘገያል።

ቮልቴጅ ብንጨምር ትራንዚስተሩ ይፈጥናል፤ ግን ዋጋው ውድ ነው። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። የእኔን ቁጥሮች ውሰዱ። ፍጥነቱ በ10 በመቶ አደገ። ቮልቴጁ በ12.5 በመቶ አደገ፣ ካሬው 1.27 ገደማ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 1.39 ይሆናሉ። አሥር በመቶ ፍጥነት ለማግኘት 39 በመቶ ተጨማሪ ኃይል፣ ማለትም 39 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት። ሲልከን ሲሞቅ ደግሞ ሳይሠራ የሚያፈሰው ኃይልም ይጨምራል፤ ሙቀት ሙቀትን ይወልዳል።

ሂትሲንኩና ፋኑስ? እነሱ ሙቀቱን ከክፍሉ አየር በታች ማውረድ አይችሉም። የሚወስኑት ፕሮሰሰሩ ከክፍሉ በስንት ዲግሪ እንደሚበልጥ ነው። ክፍሉ በ23 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም ቢያንስ ያንኑ ያህል ይጨምራል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ፎቶ ስንለጥፍ የክፍሉን ሙቀት የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። ሜልበርን ውስጥ ይህ ቸልተኝነት ዋጋ ያስከፍላል። ከተማዋ ከፍተኛውን ሙቀቷን የመዘገበችው ጥር 30 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009) ነው፤ 46.4 ዲግሪ። በቪክቶሪያ ሰደድ እሳት 173 ሰው የሞተበት፣ እዚህ ጥቁር ቅዳሜ የሚባለው ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጋር የኮምፒውተር ወሬ ማንሳት ነውር ይመስላል፤ ያነሳሁት በሐምሌ 14 ዲግሪ የሆነች ክፍል የምትደርስበትን ጫፍ ለማሳየት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ደግሞ አራት ቀን በተከታታይ ከ41 ዲግሪ በላይ ሆኗል።

እዚህ ላይ ነው ከብዙ ወዳጆቼ ጋር የማልስማማው። ኦቨርክሎክ ያደረገ ሰው ሲገናኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዲግሪ ነው?» የሚል ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ያሸንፋል። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ቦታውን ስቷል። ዲግሪው የሚነግረን ፕሮሰሰሩ ለመቃጠል ምን ያህል እንደቀረው ነው፤ ለመሳሳት ምን ያህል እንደቀረው አይነግረንም። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ጣሪያው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ራሱ ቀንሶ ራሱን ያድናል። ራሱን ነው የሚያድነው፣ የጋሼን ‹ሄደ› አይደለም። ቁጥሩ ራሱም ሁልጊዜ እንደሚመስለው አይደለም። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይዘን 7 1800ኤክስን ሲያወጣ ሴንሰሩ ከእውነተኛው ሙቀት 20 ዲግሪ አስበልጦ ያሳይ ነበር፤ ፋኖቹን ለመቆጣጠር እንዲያመች ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ስንቱ ሰው በዚያ ሰሞን ሂትሲንኩን ነቅሎ ቴርማል ፔስት እንደቀየረ አስቡት። የራይዘን 7000 ትውልድ ደግሞ ከባድ ጭነት ላይ 95 ዲግሪ ደርሶ እዚያው እንዲሠራ ተደርጎ የተነደፈ ነው። በአንዱ ፕሮሰሰር የሚያስደነግጠው 95 በሌላው የዕለት ተዕለት ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ «ሲሞቅህ ሒሳብ ትስታለህ ወይ?» መሆን ነበረበት።

ችግሩ አዲስ አይደለም። የማይክሮሶፍቱ ሬይመንድ ቼን እ.ኤ.አ. በ2005 የጻፈው ታሪክ አለ። ከተጠቃሚዎች ከሚመጡት የዊንዶውስ ብልሽት ሪፖርቶች መካከል ሊሆኑ የማይችሉ ነበሩበት፤ አንድን ሬጅስተር ዜሮ ከማድረግ በቀር ምንም የማይሠራ፣ ራም እንኳ የማይነካ ትእዛዝ ላይ የወደቀ ፕሮግራም። መሐንዲሶቹ ተጠቃሚዎቹን ሲያጠያይቁ ብዙዎቹ ኮምፒውተራቸው ኦቨርክሎክ የተደረገ ሆኖ ተገኘ። ቃሉን ሰምተው የማያውቁም ነበሩባቸው፤ የሸጠላቸው ሱቅ ሳይነግራቸው አድርጎት። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የግል ኮምፒውተሮችን ብልሽት አጥንተው ኦቨርክሎክ የተደረጉት የበለጠ እንደሚወድቁ፣ ከተወሰነላቸው ፍጥነት በታች የሚሮጡት ደግሞ ከመደበኞቹም ይልቅ አስተማማኝ እንደሆኑ አሳዩ።

ይህን ሁሉ ስል ኦቨርክሎክን የናቅሁ እንዳይመስላችሁ። ለድሃ ተማሪ ታላቅ በረከት የነበረበት ዘመን አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴለሮን 300ኤ 300 ሜጋኸርዝ ተብሎ ይሸጥ ነበር። የባሱን ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሲቀይሩት ብዙዎቹ ያለ ብዙ ችግር 450 ላይ ይሠሩ ነበር። ሃምሳ በመቶ በነጻ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡት ኮር አይ5-2500ኬ እና አይ7-2600ኬ 4.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ መድረሳቸው የተለመደ ነበር። እኔም ባዮስ ምን እንደሆነ፣ ቮልቴጅና ፍጥነት እንዴት እንደሚተሳሰሩ የተማርኩት በዚህ ጨዋታ ነው። ትምህርት ቤት ማንም አላስተማረኝም።

ዛሬ ግን ያ ነጻ ትርፍ የለም፤ አምራቾቹ ራሳቸው ወስደውታል። ፕሮሰሰሩ ሲሸጥ ጀምሮ ሙቀቱንና ኃይሉን እያየ እስከሚችለው ድረስ በራሱ ይሮጣል። ለእኛ የተረፈችው ጥቂት በመቶ ናት፣ እሷንም የምንገዛት በብዙ ቮልቴጅ ነው። አምራቹም ጫፉ ላይ ሲሠራ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ የታየው አለመረጋጋት ከሚገባው በላይ በሆነ ቮልቴጅ የመጣ መሆኑን አምኖ፣ የማይክሮኮድ ማስተካከያ አውጥቶ፣ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው ጤነኛውን ይጠብቃል፤ የተጎዳውን ሲልከን አይመልሰውም። ቮልቴጅን እንደ ነጻ ነገር የምታዩ ወጣቶች ይህን አስቡበት።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔ ቮልቴጅ አልጨምርም፣ እንዲያውም እቀንሳለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኮምፒውተሩ ቀዝቃዛና ጸጥተኛ ነው። ግን ፍጥነቱን ሳይነኩ ቮልቴጅ መቀነስም ያው ምልክቱን ማዘግየት ነው። ስህተቱ ደግሞ በከባድ ጭነት ሳይሆን ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ድንገት ሲነሳ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሌሊቱን ሙሉ ፕራይም95 ማስኬድ አይይዘውም። በ55 ዲግሪም መሳሳት ይቻላል።

አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎች «እኛ ዘንድ 38 ዲግሪ የለም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩም ሜልበርን ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ሙቀት የሚሸከመው አየር ያንሳል። የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ከዚህ የበጋ ክፍሌ አሁንም ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም አንድ ፈረንጅ ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ በለካው ቁጥር ላይ ተማምናችሁ ያንኑ ቮልቴጅ አትቅዱ። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ላላችሁ የእኔ ጥር የእናንተ አዘቦት ነው።

ፕሮሰሰሬ አሁን የፋብሪካው ፍጥነት ላይ ነው። ጨዋታ ስጫወት አንዳንዴ 4.4 ላይ አደርገዋለሁ፤ ጨዋታ ላይ አንዲት ቢት ብትገለበጥ የምትሞተው አንዲት ምናባዊ ወታደር ናት። የሰው ጽሑፍ፣ የሰው ፎቶ፣ የማጋራው ፋይል የሚያልፍበት ጊዜ ግን አይሆንም። የዓመቱን ትልቁን ፈተናም የማደርገው በበጋ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ነው። ፕራይም95 ብቻም አይበቃኝም፤ እውነተኛ ሥራዬን ደጋግሜ አስኬጄ አሻራውን አነጻጽራለሁ። አዲስ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም፤ ሻ-256 የሚያሰላ ትእዛዝ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ አለ።

የፋብሪካው ፍጥነት ላይ መሆን ራሱ ፍጹም ዋስትና አይደለም። የሜታ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ጉድለት ያለበት ኮር 1.1ን 53 ጊዜ በራሱ አባዝቶ ሙሉ ቁጥሩን እንዲሰጥ ሲጠየቅ፣ 156 ማለት ሲገባው 0 ይል እንደነበር ይተርካሉ። ያ ዜሮ እንደ ፋይል መጠን ተቆጥሮ፣ ፋይሎች ምንም እንዳልነበሩ ይታለፉ ነበር። ማንም ኦቨርክሎክ አላደረገውም። ስለዚህ የጋሼን ፋይል አሁን በሁለት የተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ ነው የምቀይረው፤ በእኔ ዴስክቶፕና በእህቴ ላፕቶፕ። ሁለቱ አሻራዎች ካልተስማሙ አይታተምም።

ታርሞ የወጣውን ለጋሼ ወስጄ ይህንኑ ሳስረዳቸው በጥሞና ሰሙኝ። ሙቀቱን፣ ቢቱን፣ ዘግይቶ የሚደርሰውን ምልክት። ከዚያ «ታዲያ ፈጥኖ ምን ያህል ጊዜ ቆጠበልህ?» አሉ። ሒሳቡን ሠራሁላቸው። ፋይላቸውን መቀየር በ4.4 ከ4.0 ይልቅ የቆጠበው አራት ሰከንድ ነው። ምንም አላሉም። እስክሪብቷን አውጥተው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ቀጠሉ።

የሚያስጨንቀኝ የእሳቸው ፋይል አይደለም፤ ዋናው በእጃቸው ስላለ ተርፏል። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በዚሁ ኮምፒውተር፣ በዚሁ 4.4 ጊጋኸርዝ ያዘጋጀሁት የአማርኛ ፊደል ማረሚያ የቃላት ዝርዝር አለ። ብዙዎቻችሁ አውርዳችሁታል። ከምንጩ እንደገና አዘጋጅቼ ሳነጻጽረው ሦስት ቃላት ተለይተው አገኘሁ፤ ሦስቱም በአንዲት ቢት፣ አንዷም የሌለ ቃል ሆና «ትክክል» ተብላ የገባች ናት። ከታኅሣሥ 20 እስከ የካቲት 5 ያወረዳችሁ እባካችሁ አጥፉትና አዲሱን አውርዱ። በእሱ ላይ ተመሥርታችሁ ኪቦርድ ወይም ማረሚያ የሠራችሁ ካላችሁ ደግሞ ጻፉልኝ፤ የሦስቱን ቃላት ዝርዝር ከነአሻራው እልክላችኋለሁ።